ሰርቨራችሁ የተላከለትን ሁሉ እንዳይገጣጥም፦ የዲሲሪያላይዜሽን ቀዳዳን ደረጃ በደረጃ መድፈን

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር አብዛኛው አንድ ጠባይ አለው። ኔትወርክ ሲጠፋ አይቆምም፤ ያጠራቅማል። ኮምቦልቻ ያለ፣ በታብሌት የሚሠራ የመጋዘን ፕሮግራም የጫነውን አይሱዙ ይመዘግባል፤ መስመሩ ሲመለስ ደሴ ላለው ሰርቨር ይልካል። አንዳንዴ መኪናው ሐረጎን ሳይጨርስ መረጃው ይደርሳል፣ አንዳንዴም ዕቃው ከተራገፈ በኋላ። ፋርማሲውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የቁጠባ ማኅበሩም እንዲሁ ነው የሚሠራው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው። ፕሮግራመሩ ሜሞሪ ላይ ያለውን ኦብጀክት፣ ማለትም ዳታውንና የሚሠራውን አንድ ላይ የያዘውን የፕሮግራም ክፍል፣ ወደ ፋይል ቀይሮ ማስቀመጥ አለበት። አቋራጩ ደግሞ እጁ ላይ ነው፦ ፓይተን ከሆነ ፒክል፣ ፒኤችፒ ከሆነ ሲሪያላይዝ፣ ጃቫ ከሆነ ኦብጀክት አውትፑት ስትሪም። አንዲት መስመር ትበቃለች። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ሌላ አንዲት መስመር መልሳ ትከፍተዋለች፤ ይህ መክፈት ዲሲሪያላይዜሽን ይባላል። ሰርቨር የምታስነጥቀው ይቺ ሁለተኛዋ መስመር ናት።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት የራሳቸውን ሰርቨር ለሚያስተዳድሩና ኮዱን መንካት ለሚችሉ ሰዎች ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን አትጨርሱትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ግን ቶሎ ድረሱላቸው።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ከኮምቦልቻ የተፈታ አልጋ ከነመገጣጠሚያ ወረቀቱ ተጭኖ መጣ እንበል። ሰርቨራችሁ ወረቀቱ ያለውን ሁሉ ሳይጠይቅ የሚያደርግ ገጣጣሚ ነው። ወረቀቱ "መጀመሪያ የቤቱን ቁልፍ ለሹፌሩ ስጥ" ቢል ይሰጣል። ዳታን በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ጄሰን ሲሆን የሚላከው እንጨቱ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሚገጠም የሚወስነው ተቀባዩ ነው። ልዩነቱ ይሄው ነው። ምን ዓይነት ኦብጀክት እንደሚፈጠር የሚመርጠው ዳታው ከሆነ ሰርቨሩ የእናንተ አይደለም።

ፒክል ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ማንኛውም ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) "እኔን መልሰህ ለመሥራት ይህን ፈንክሽን በዚህ ግብዓት ጥራ" ብሎ ማስቀመጥ ይችላል። ክፉ አሳቢው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ትእዛዝ የሚያስኬደውን ፈንክሽን ይጽፍበታል። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲከፍት ትእዛዙ ይሠራል። ይህ የፒክል ብልሽት አይደለም፤ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው። የፓይተን ሰነድ ራሱ የማታምኑትን ዳታ በፒክል አትክፈቱ ብሎ ያስጠነቅቃል።

ጃቫና ፒኤችፒ ላይ ትንሽ ይረቅቃል። ሰውየው የራሱን ክላስ ይዞ መግባት አይችልም። ሰርቨሩ ላይ ያሉትን፣ የእናንተንና ያወረዳችኋቸውን ላይብረሪዎች ክላሶች ይጠቀማል። ኦብጀክት ሲከፈት ወይም ሲጠፋ በራሳቸው የሚጠሩ ሜተዶች አሉ፤ ፒኤችፒ ላይ ዌክአፕና ዲስትራክት፣ ጃቫ ላይ ሪድኦብጀክት። እነዚህን እያያያዘ መጨረሻ ላይ ትእዛዝ የሚያስኬድ ሰንሰለት ይሠራል። ባለሙያዎቹ ጋጀት ቼን ይሉታል። እ.ኤ.አ. ጥር 2015 ክሪስ ፍሮሆፍና ገብርኤል ላውረንስ አፓቼ ኮመንስ ኮሌክሽንስ በሚባለው የታወቀ የጃቫ ላይብረሪ ይህ እንደሚቻል አሳዩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ዌብሎጂክ፣ ዌብስፊር፣ ጄቦስና ጄንኪንስ የተባሉት የታወቁ የጃቫ ፕሮግራሞች በዚሁ መንገድ እንደሚሰበሩ ታየ። ላይብረሪው እዚያ መገኘቱ ብቻ በቂ ነበር።

የድሮ ታሪክ ነው ብላችሁ አትለፉት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 የማይክሮሶፍት ሼርፖይንት ሰርቨሮች የተጠቁት በዚሁ ዓይነት ቀዳዳ ነው። ታኅሣሥ 2025 ላይ ደግሞ ድረ ገጽ በሚሠራበት ሪአክት ላይ የሰርቨር ኮምፖነንት ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ የአደጋ መጠኑ ከ10 ላይ 10 ተሰጠው። ሪአክት ደግሞ አሁን የማይነካው ወጣት የለም።

1. የት የት እንደሚከፈት ፈልጉ

ኮዱን ሁሉ አታነቡም። በኤዲተራችሁ ስም እየጻፋችሁ ትፈልጋላችሁ። ፓይተን ላይ ፒክል፣ ዲል፣ ሼልቭ፣ ጆብሊብ፣ የፓንዳስ ሪድ ፒክል እና የያምል ሎድ። ፒኤችፒ ላይ አንሲሪያላይዝ። ጃቫ ላይ ሪድኦብጀክት፣ ኤክስስትሪም፣ ኤክስኤምኤል ዲኮደር፣ ስኔክያምል። ዶትኔት ላይ ባይነሪ ፎርማተር እና ታይፕ ኔም ሃንድሊንግ። ሩቢ ላይ ማርሻል ሎድ።

ከባዱ እናንተ ያልጻፋችሁት ነው። የፓይተኑ የዌብ ማዕቀፍ ጃንጎ ሬዲስ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ዳታ ለጊዜው ሲያስቀምጥ (ካሽ ሲያደርግ) ከሥር ፒክል ነው የሚጠቀመው። ሴለሪ የተባለው የፓይተን ሥራ አከፋፋይ ከ4.0 ጀምሮ በራሱ ጄሰን ይጠቀማል፤ ግን ፒክል እንዲቀበል የተደረገ የቆየ ሴቲንግ ቁጭ ብሎ ይገኛል። የጃንጎ ሴሽን በፒክል ይቀመጥ የነበረበት አማራጭ የወጣው 5.0 ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ፕሮጀክት ካላችሁ ሴቲንጉን እዩት። ፒኤችፒ ላይ ደግሞ ፋር የሚባል የፋይል ዓይነት አለ። ከ8.0 በፊት ባለው ቨርዥን፣ ፋይሉ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ ውስጡ ያለውን ኦብጀክት ሊያስከፍት ይችላል። ተጠቃሚ ፎቶ የሚጭንበት ፒኤችፒ 7 ሰርቨር ካላችሁ ይቺን አትርሷት።

የማሽን ለርኒንግ ሞዴል ፋይልም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት በቴሌግራም ግሩፕ የተቀባበላችሁት ሞዴል በፒክል የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መክፈት የማይታወቅ ፕሮግራም ማስኬድ ነው። ፓይቶርች ከ2.6 ጀምሮ ሞዴል ሲጭን ዌይቱን (የሞዴሉን ቁጥሮች) ብቻ እንዲያነብ ተደርጓል። ከቻላችሁ ሴፍቴንሰርስ በሚባለው ፎርማት ተለዋወጡ።

ከኮዱ ሌላ መስመሩ ላይ የሚሄደውንም እዩ። ብራውዘራችሁን ከፍታችሁ ኩኪዎችንና የተደበቁ የፎርም ሳጥኖችን ተመልከቱ። ቤዝ 64 የሆነ (ባይት በፊደልና በቁጥር የተጻፈበት) ጽሑፍ በትንሹ አር፣ በትልቁ ኦ እና በዜሮ ቁጥር ከጀመረ የጃቫ ኦብጀክት ነው። በትንሹ ጂ እና በትልቁ ኤ ከጀመረ ፒክል ሊሆን ይችላል። ትልቅ ኦ፣ ቀጥሎ ኮለን፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ቀጥሎ የክላስ ስም ካያችሁ ፒኤችፒ ነው። ቤዝ 64 ደግሞ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ፈትቶ ቀይሮ ይመልሰዋል።

ያገኛችሁትን ጻፉት። ከእያንዳንዱ ጎን ዳታው ከማን እንደሚመጣና በመንገድ ላይ ማን ሊነካው እንደሚችል አስቀምጡ። ማንም ከኢንተርኔት ሊልክበት የሚችለው ቀዳሚ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ጽፎ ራሱ የሚያነበው ፋይል መጨረሻ ይሁን።

2. ፎርማቱን ቀይሩት

እውነተኛው መፍትሔ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ መደገፊያ ነው።

የመጋዘኑን ፕሮግራም እንውሰድ። አንድ የጭነት መዝገብ የሰነድ ቁጥር፣ ታርጋ፣ የዕቃ ዓይነት፣ ብዛት በኩንታል እና ሰዓት አለው። አምስት ነገር ነው። ለዚህ ሙሉ ኦብጀክት መላክ ለምን አስፈለገ? ወደ ጄሰን ስትቀይሩት ሁለት ቦታ ያደናቅፋችኋል። ጄሰን ቀንን አያውቅም፤ ገንዘብና ክብደትንም በትክክለኛ አስርዮሽ አይዝም። ሁለቱንም በጽሑፍ ላኩና ሰርቨሩ ላይ ወደ ትክክለኛ ዓይነታቸው ቀይሩ።

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ላኩት። በእኛ አቆጣጠር የሚታየው ስክሪኑ ላይ ብቻ ይሁን። አለበለዚያ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመው ሲስተም ጳጉሜ ላይ 13ኛ ወር የሚባል አላውቅም ብሎ ጭነቱን ይመልሳል። በዓል ደርሶ፣ መጋዘኑ ተጨናንቆ ሳለ ማለት ነው።

ከዚያ ሰርቨሩ የገባውን ይመርምር። ፓይተን ላይ ፓይዳንቲክ፣ ላራቬል (የፒኤችፒ ማዕቀፍ) ላይ ራሱ ቫሊዴሽኑ አለ። ጃቫ ላይ ጃክሰን ከሆነ አስቀድማችሁ በወሰናችሁት አንድ ክላስ ላይ ብቻ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ኩንታሉ ከዜሮ በላይ ይሁን። ታርጋው ከተወሰነ ርዝመት አይለፍ። ያልጠበቃችሁት ፊልድ ከመጣ መዝገቡ ይመለስ። መጠኑንም ገድቡ፤ ኤንጂንኤክስ ካልነካችሁት እስከ 1 ሜጋባይት ይቀበላል። ለአንድ መኪና መዝገብ ጥቂት ኪሎባይት ይተርፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ታብሌቶቹ ላይ በፒክል የተጠራቀሙ ያልተላኩ መዝገቦች አሉ። ምን ይሁኑ? ቀላሉ ሐሳብ ሰርቨሩ መጀመሪያ በጄሰን ይሞክር፣ ካልሆነ በፒክል ይክፈት የሚል ነው። እንዳታደርጉት! ጥቃት የሚፈልገው ሰው ፒክሉን ይልካል፤ ጄሰኑ እምቢ ይላል፤ ሰርቨሩ ወደ ፒክሉ ይሄዳል። የተለወጠ ነገር የለም። ልወጣው እዚያው ታብሌቱ ላይ ይሁን። አዲሱ የአፕሊኬሽን ቨርዥን ራሱ የጻፈውን የቆየ ፋይል ከፍቶ ወደ ጄሰን ቀይሮ ይላክ። ሰርቨሩ ፒክል ከዚህ በኋላ አይየው። የድሮውን መቀበያ አድራሻም ዝጉት። ያልታደሰ ታብሌት ያለበት መጋዘን ይደውላል፤ ይደውል። ሄዶ ማደስ ይቀላል።

ጄሰን ስላላችሁ ብቻ ደግሞ አልዳናችሁም። አንዳንድ ላይብረሪዎች ጄሰኑ ውስጥ የክላስ ስም እንዲጻፍ ይፈቅዳሉ። ጃክሰን ላይ ዲፎልት ታይፒንግ፣ ጄሰን ዶትኔት ላይ ታይፕ ኔም ሃንድሊንግ ይባላል። ሁለቱም ካልነካችኋቸው ዝግ ናቸው። አንድ ሰው ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ያገኘውን ገልብጦ ከፍቷቸው ከሆነ ግን የመገጣጠሚያው ወረቀት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ዝጉት። ያምልም እንዲሁ ነው፤ ፓይተን ላይ ሴፍ ሎድ የሚለውን ተጠቀሙ፣ ጃቫ ላይ ስኔክያምልን ወደ 2.0 ወይም ከዚያ በላይ አሳድጉ።

3. መቀየር ካልተቻለ አጥሩን አጥብቡ

አንዳንዴ ኮዱ የእናንተ አይደለም፣ ወይም የጻፈው ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ስልክ አያነሳም። እንግዲያው የሚፈጠሩትን ክላሶች ገድቡ።

ጃቫ ላይ የሲሪያላይዜሽን ማጣሪያ አለ። ከጃቫ 9 ጋር መጣ፣ ወደ ጃቫ 8 ደግሞ በ121ኛው ማሻሻያ ወረደ። የሚያስፈልጓችሁን ክላሶች በስም ዘርዝራችሁ መጨረሻ ላይ የቀረውን ሁሉ ከልክል የሚለውን ምልክት፣ ማለትም ቃለ አጋኖና ኮከብ፣ ታስቀምጣላችሁ። ኮድ ሳትነኩ ፕሮግራሙን በምታስነሱበት ትእዛዝ ላይ መጨመር ይቻላል፤ ለዚህ ነው የምወደው። የጥልቀት፣ የድርድር መጠንና የባይት ገደብም እዚያው ይጻፋል። ጃቫ 17 ላይ ለየቦታው የተለያየ ማጣሪያ ማድረግ ይቻላል።

ፒኤችፒ ላይ አንሲሪያላይዝ ሁለተኛ ግብዓት ይቀበላል፤ ከ7.0 ጀምሮ የተፈቀዱ ክላሶች የሚለውን ፎልስ ማድረግ ትችላላችሁ። ፓይተን ላይ የአንፒክለርን ፋይንድ ክላስ ሜተድ እንደገና ጽፋችሁ የምትፈቅዱትን ስም በስም ትዘረዝራላችሁ። ሞጁሉን በጅምላ አትፍቀዱ፤ ቢልቲንስ ውስጥ ኢቫልም አለ። ዶትኔት ላይ ግን አትድከሙ። ማይክሮሶፍት ባይነሪ ፎርማተርን ከዶትኔት 9 አውጥቶታል፤ እናንተም አውጡት።

የማይፈቀዱትን መዘርዘር ግን ሥራ አይደለም። አዲስ ሰንሰለት በየጊዜው ይገኛል፤ ዝርዝራችሁ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው። የሚፈቀደውን ነው መዘርዘር።

አንድ ሌላ ነገር። ጃቫ ላይ ሪድኦብጀክት ብሎ ወዲያው ወደሚጠብቀው ክላስ የሚቀይር ኮድ ሲታይ ሰው "ዓይነቱን እኮ አረጋግጫለሁ" ይላል። ፓይተን ላይም ከከፈተ በኋላ ኢዝ ኢንስታንስ የሚጠይቅ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኦብጀክቱ የተፈጠረው፣ ትእዛዙም የሠራው ከማረጋገጫው በፊት ነው።

4. ፊርማ ጨምሩ፣ ቁልፉን ጠብቁ

ሰርቨራችሁ ራሱ ጽፎ በኩኪ ወይም በካሽ በኩል መልሶ የሚያነበው ዳታ ከሆነ ኤችማክ የተባለውን፣ በምስጢር ቁልፍ የሚሠራ ፊርማ ፈርሙበት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ፊርማው ይረጋገጥ፣ ከዚያ ይከፈት። ፊርማ ስታወዳድሩ ደግሞ በተራ እኩል ነው ምልክት ሳይሆን ለዚሁ በተሠራው ፈንክሽን ይሁን፤ ፓይተን ላይ ኮምፔር ዳይጀስት፣ ፒኤችፒ ላይ ሃሽ ኢኩዋልስ።

የፊርማው ጉልበት ቁልፉ ምስጢር እስከሆነ ድረስ ነው። ላራቬል ላይ ኤንቭ የሚባለው የቁልፎች መያዣ ፋይል ጊትሃብ ላይ ከነነፍሱ ከተጫነ ቁልፉ የሁሉም ነው። ከ5.6.30 በፊት የነበሩ የላራቬል ቨርዥኖች ቁልፉ በሰው እጅ ከገባ ሰርቨሩን እስከማስነጠቅ የሚያደርስ የዚሁ ዓይነት ቀዳዳ ነበረባቸው። አንዴ ጊት ላይ የወጣን ቁልፍ ፋይሉን በማጥፋት አትመልሱትም፤ ታሪኩ ውስጥ አለ። ቁልፉን ቀይሩ።

ለመጋዘኑ ታብሌቶችም ፊርማ ይሥራላችኋል ወይ? በከፊል። ያው አንድ ቁልፍ አሥር ታብሌት ላይ ካለ፣ አንዱ ታብሌት ሲሰረቅ አሥሩም ተሰረቁ። ለየታብሌቱ የራሱን ቁልፍ ስጡ፣ የጠፋውን ብቻውን ሰርዙ። ያም ሆኖ ፒክልን በፊርማ ተማምናችሁ ከታብሌት አትቀበሉ። ፊርማው ማን እንደላከው ይነግራችኋል እንጂ ውስጡ ያለው ደህና ነው አይልም።

5. ቢገባም እንዳይዘልቅ

ፕሮግራሙ ሩት በሚባለው ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ አይሂድ። የራሱ ተጠቃሚ ስጡት፤ የራሱን ፎልደር ብቻ ይጻፍ። ዳታቤዙ ላይ ቴብል የማጥፋት መብት አያስፈልገውም።

ሬዲስን ከኢንተርኔት ደብቁት። እዚያው ማሽን ላይ ከሆነ የአካባቢውን አድራሻ ብቻ ይስማ፣ የይለፍ ቃልም ይኑረው። ካሹ ውስጥ ፒክል ካለና ሬዲሱ ክፍት ከሆነ፣ ኩኪ ምናምን ሳያስፈልግ በቀጥታ እዚያ ይጽፉበታል።

ሰው ብዙም የማያደርገው ግን ትልቅ ለውጥ ያለው አንድ ነገር አለ፦ ከሰርቨሩ ወደ ውጭ የሚወጣውን መዝጋት። የጭነት መዝገብ የሚቀበል ሰርቨር በራሱ ተነሥቶ ወደማይታወቅ አድራሻ የሚደውልበት ምክንያት የለውም። ጥቃት ፈጻሚው ግን ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ወደ እሱ እንዲደውልለት ይፈልጋል። ፋየርዎሉ ላይ ለማሻሻያ የሚያስፈልጉትን ብቻ ፍቀዱ።

6. አድሱ፣ ከዚያ ራሳችሁ ምቱት

ለየቋንቋው የተጠቁ ፓኬጆችን የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ ፒፕ ኦዲት፣ ኮምፖዘር ኦዲት፣ ኤንፒኤም ኦዲት። ውጤቱ ረጅም ይሆናል። ሁሉንም ለማስተካከል አትሩጡ፤ ዲሲሪያላይዜሽን ወይም ከርቀት ኮድ ማስኬድ የሚለውን መጀመሪያ አውጡ። ሪአክት 19 ላይ ሰርቨር ኮምፖነንት የምትጠቀሙ ከሆነ 19.0.1፣ 19.1.2 ወይም 19.2.1 ዝቅተኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጡትን ውሰዱ። ኮመንስ ኮሌክሽንስ 3 ያላቸው ደግሞ ከ3.2.2 በታች አይቆዩ።

ከዚያ ፈተና ጻፉ። በራሳችሁ መሞከሪያ ማሽን ላይ፣ ሲከፈት ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ባዶ ፋይል ብቻ የሚፈጥር ፒክል አዘጋጁ። ወደ መቀበያው ላኩት። ፈተናው ሁለት ነገር ያረጋግጥ፦ ሰርቨሩ 400 (የተሳሳተ ጥያቄ) መለሰ፣ ባዶው ፋይልም አልተፈጠረም። ሁለተኛውን አትዝለሉት። ስህተት መለሰ ማለት አልተከፈተም ማለት አይደለም፤ ከፍቶ፣ ትእዛዙን አስኪዶ፣ ከዚያ ሊሳሳት ይችላል። ይህ ፈተና ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ይሂድ። ጃቫ ላይ ዋይሶሲሪያል፣ ፒኤችፒ ላይ ፒኤችፒጂጂሲ የሚባሉ ሰንሰለቱን የሚያዘጋጁ የታወቁ መሣሪያዎች አሉ፤ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ በጽሑፍ ፈቃድ ሳታገኙ አትሞክሯቸው።

ሎጉ ላይም ዓይን ይኑራችሁ። ማጣሪያው የከለከለው ክላስ፣ የማይገጥም ፊርማ፣ ጄሰን መሆን ሲገባው ያልሆነ ግብዓት በራሱ ቦታ ይመዝገብ። አንዱ ታብሌት በተበላሸ ፋይል አንዴ ሊያደርገው ይችላል። ከማታውቁት አድራሻ ተደጋግሞ ከመጣ ግን አንድ ሰው በሩን እየነካካ ነው።

7. ቀድሞ የገባ ካለስ?

ቀዳዳው ለወራት ክፍት ከነበረ ይህን መጠየቅ ግድ ነው። የፕሮግራሙ ተጠቃሚ የጀመራቸውን ያልተለመዱ ፕሮሰሶች፣ አዲስ የክሮን (በሰዓት የሚነሡ) ሥራዎች፣ የተጨመሩ የኤስኤስኤች ቁልፎች፣ በአፕሎድ ፎልደር ውስጥ የተቀመጡ ፒኤችፒ ፋይሎች ፈልጉ። አጠራጣሪ ካገኛችሁ ማሽኑን ከኔትወርክ ለዩት፤ ዲስኩን ሳትነኩ ግልባጭ ያዙ። ከዚያ ከንጹሕ ኢሜጅ አዲስ ሰርቨር አቁሙ። የተነካውን እያጸዱ መቀጠል አያዋጣም።

ቁልፎቹንም ሁሉ ቀይሩ፦ የፊርማ ቁልፍ፣ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል፣ የክፍያ አገልግሎት ቶክን፣ የየታብሌቱ ቁልፍ። የ2025ቱ የሼርፖይንት ጥቃት ላይ አጥቂዎቹ የሰርቨሮቹን ማሽን ኪ፣ ማለትም የፊርማ ቁልፍ፣ ወስደው ነበር። ማሻሻያውን ጭኖ ቁልፉን ያልቀየረ ሰርቨር፣ ቀዳዳው ተደፍኖም በዚያው ቁልፍ በተፈረመ ዳታ እንደገና ሊገባበት ይችል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ማሻሻያው፣ ቀጥሎ ቁልፎቹ፣ ቀጥሎ አገልግሎቱን አጥፍቶ ማስነሣት። የድሮ ሴሽኖች ሁሉ ይሰረዙ። ሠራተኛው ጠዋት ሲመጣ እንደገና ሎግኢን ሊያደርግ ነውና ማታውኑ ንገሩት።